ጀት፣ ስፕሮኬት ወይስ ሮለር? ከአዳማ ለሚወጣና ለሚወርድ ሞተረኛ

አዳማ ላይ ሞተር ሳይክል ይዞ የሚኖር ሰው ሁለት አገር አለው። ወደ ምሥራቅ ከነዳ ወለንጪቲን አልፎ መተሐራ ይወርዳል፤ ከፍታው 950 ሜትር ገደማ፣ የሸንኮራና የሙቀት አገር። ወደ ደቡብ ከነዳ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ አድርጎ አሰላ ይወጣል፤ 2,430 ሜትር፣ ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ። አዳማ ራሷ 1,600 ሜትር ግድም ላይ መሃል ተቀምጣለች። በሁለቱም አገር እንዲሠራ የሚጠበቀው ግን ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ያው አንድ ካርቡራተር፣ ያው አንድ ካቴና ነው።

"ዳገት ላይ አልጎትት አለኝ" ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው ከሦስት መልሶች አንዱን ይዞ ይወጣል። አንዱ መካኒክ "ጀት ይቀየር" ይላል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት የካርቡራተር ብሎን ናት። ሌላው "የፊቱን ስፕሮኬት በአንድ ጥርስ ቀንስ" ይላል፤ ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ነው። ስኩተር ከሆነ ደግሞ "ሮለሩን አቅልለው" ይባላል፤ ቺንጋውን የሚያዘው ትንሽ ክብደት ነው። ሦስቱም ከመሬት ተነስተው የተባሉ አይደሉም፤ ችግሩ ለሦስት የተለያየ በሽታ የሚሰጡ መሆናቸው ነው። እኔ የደረስኩበትን ከመነሻው ልናገር፦ ጀት የሚመረጠው ለምትወርዱበት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ስፕሮኬት የሚመረጠው ለምትወጡበት ከባድ ዳገት ነው። ይህን የገለበጠ ሰው ወይ መተሐራ ላይ ሞተሩን ያቃጥላል፣ ወይ ዴራን ሳያልፍ በሁለተኛ ማርሽ ሲያለቅስ ይውላል።

ከፍታ ምን ያህል ይወስዳል?

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ከቤንዚኑ በክብደት ከ14 እስከ 15 እጥፍ የሚሆን አየር ይበላል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ የሚሞላው ሙላት ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በግርድፉ ከባሕር ጠለል ጀምሮ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ 10 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ሞተር አዳማ ላይ ስምንት ተኩል ገደማ፣ አሰላ ላይ ደግሞ ስምንት እንኳ የማይሞላ ነው። በቆጂ 2,810 ሜትር ላይ ነች። ቀነኒሳና ጥሩነሽን የመሰሉ ሯጮች ያደጉት በዚያ ስስ አየር ነው፤ የሰው ደም አየሩን እየለመደ ይበረታል፣ ካርቡራተር ግን መቶ ዓመት ቢኖርበትም አይለምደውም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሙቀቱን ነው። አየር ሲሞቅም ይሳሳል። አስልታችሁ ብታዩት መተሐራ ላይ በቀትር፣ በ35 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.02 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አዳማ ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በ15 ዲግሪ፣ 1.01 ኪሎ ነው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል! መተሐራ የሚለየው በንጋት ነው፤ በ20 ዲግሪ አየሩ ወደ 1.08 ይጠጋል። አዳማ በቀትር፣ በ27 ዲግሪ፣ 0.97 ነው። አሰላ በ15 ዲግሪ 0.91፣ በቆጂ በ13 ዲግሪ 0.88። እንግዲህ ከአዳማ ቀትር ወደ አሰላ ስትወጡ የምታጡት አየር 6 ከመቶ ያህል ነው፤ እስከ በቆጂ ብትዘልቁ 9 ወይም 10 ከመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። የምንገዛው ነገር ሁሉ የሚመዘነው በነሱ ነው።

አሁን ጭነቱን አስቡ። ሞተር ሳይክሉ 120 ኪሎ፣ ነጂው 70 ኪሎ ቢሆን ዳገቱ የሚሸከመው 190 ኪሎ ነው። ከኋላ 60 ኪሎ ጤፍ ወይም አንድ ቀጠን ያለ ሰው ሲጨመር 250 ይሆናል፤ ዳገቱ ላይ የሚጠየቀው ጉልበት ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጨመረ ማለት ነው። ከፍታው የወሰደው 6 ከመቶ ነበር። "አሰላ ከፍ ስላለ ነው" ብለው የሚያማርሩ ብዙዎቹ የጫኑትን ረስተው ነው፣ እኔም ጭምር።

ነፋሱም አለ። የአዳማ የነፋስ ማመንጫ ያለምክንያት እዚህ አልተተከለም፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ያን ሁሉ ክንፍ የሚያዞር ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ለ100 ሲሲ ሞተር ሳይክል ከፍታው ከሚወስድበት በላይ ሊወስድበት ይችላል። ወደ ወለንጪቲ በሜዳ ላይ እየሄደ "ሞተሬ ደከመ" ብሎ ጀት የቀየረ ሰው አውቃለሁ። መንገዱ ቁልቁል ነበር።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ፀሐይ ላይ አሳዩት። የእኛ አቧራ ደቃቅ ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ የሚያሳየው ምልክት ከፍታ ከሚያሳየው ጋር አንድ ነው፦ ጥቁር ጭስ፣ የሰነፈ ሞተር፣ የሚጨምር የቤንዚን ፍጆታ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው ላይ አንሱና የኋላውን ጎማ በእጅ አሽከርክሩት፤ ፍሬኑ እየያዘ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። የጎማውን ነፋስ፣ የካቴናውን ውጥረት፣ የቫልቩን ክፍተት እዩ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የሞተሩን ጉልበት ለማርሽ የሚያቀብለውን ፍሪሲዮን ግን ለብቻው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በእሱ ተበልቻለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ኢተያ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ጋራዥ ስሄድ "ከፍታ ነው" ተባልኩና ጀት ተቀየረ። አልለወጠም፤ ሌላ ጀት ተቀየረ። በኋላ አንድ ሌላ መካኒክ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሁለት መቶ ሜትር ነድቶ ተመለሰና "ይሄ ሰውዬ ፍሪሲዮኑ አልቋል እኮ" አለ። ልዩነቱ ቀላል ነው። ከፍታ ሲያደክማችሁ ሞተሩም ፍጥነቱም አብረው ይወርዳሉ። ፍሪሲዮን ሲሸራተት ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። በአራተኛ ማርሽ በ40 እየሄዳችሁ ጋዙን አንዴ ጥርግ አድርጋችሁ ስጡት፤ ድምፁ ዘሎ ከሄደና ሞተር ሳይክሉ ካልተከተለው ጀት የሚገዛው ገንዘብ ለፍሪሲዮን ሸራ ይዋል።

ጀት

ጀት ካርቡራተሩ ሆድ ውስጥ ያለች፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ቤንዚን የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። ከፍ ስትሉ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል። ስንት ያህል? አየሩ 6 ከመቶ ሲሳሳ ድብልቁ የሚወፍረው 3 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል የቀዳዳው ስፋት 1.5 ከመቶ ገደማ ቢጠብ በቂ ነው። ቀዳዳዋ 1.10 ሚሊ ሜትር (110 የሚባለው ጀት) ከነበረች 1.08 ትሆናለች። ለበቆጂ 1.07።

ልብ በሉ እንግዲህ፦ ከአዳማ አሰላ ለመውጣት የሚያስፈልገው ለውጥ አንድ ቁጥር (አንድ የጀት ደረጃ)፣ ቢበዛ ሁለት ቁጥር ነው። "ከ110 ወደ 95 አውርድልኝ" የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ሂሳቡን አልሠራም ማለት ነው። ደግሞም ጀት የሄደውን ጉልበት አይመልስም። አየሩ ሄዷል። ጀት የሚመልሰው የበዛው ቤንዚን ያበላሸውን ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ካንዴላው አይጠቁርም፣ ቤንዚን ትቆጥባላችሁ። ሞተር ትንሽ ወፍራም ድብልቅን ይታገሣል፤ ቀጭንን ግን አይታገሥም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለበቆጂ የተጠበበ ጀት ይዛችሁ አንድ ቀን ማልዳችሁ መተሐራ ብትወርዱ ያ ወደ 1.08 የሚጠጋ አየር ይገጥማችኋል። ድብልቁ 10 ከመቶ ያህል ይቀጥናል። መንገዱ ሜዳ፣ ጋዙ ሙሉ፣ ፀሐዩ እየወጣ። ቀጭን ድብልቅ ሞተርን ያግለዋል፤ አየር ብቻ የሚያበርደው ትንሽ ሞተር ደግሞ የሚያስታግሰው ነገር የለውም። በወፍራም ጀት አሰላ መውጣት የሚያስከፍለው ጥቂት ቤንዚን ነው። በቀጭን ጀት መተሐራ መውረድ የሚያስከፍለው ፒስተን ነው። ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም የምትሄዱ ከሆነ ፋብሪካው የሰጣችሁን ጀት ባለበት ተዉት።

ጀት ከመግዛት በፊት በነፃ የሚሠራም አለ። ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ ካልነዳችሁ ዋናው ጀት ብዙም ሥራ የለውም፤ እሱ የሚያዘው ጋዙ ከሦስት አራተኛ ካለፈ በኋላ ነው። መሃል ላይ የሚያዘው መርፌው ነው። ጋዝ ሳትሰጡ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የሚያዘው ደግሞ የጎን ብሎኗ። አሰላ ላይ ጠዋት ቆሞ እየጠፋ ካስቸገራችሁ ይቺን ብሎን ሩብ ዙር አንቀሳቅሱ። ወደ የት? ብሎኗ በፊልትሮው በኩል ካለች አየር ናት፣ ስትፈቱት ድብልቁ ይቀጥናል። በሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ናት፣ ስትፈቱት ይወፍራል። ይህን ሳያይ የሚያዞር መካኒክ ብዙ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የጀት ቁጥር ከካርቡራተር ካርቡራተር አንድ አይደለም፤ ኬይሂን በሚባለው ካርቡራተር ላይ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት ሲናገር ሚኩኒ በሚባለው ላይ የሚያልፈውን የቤንዚን መጠን ይናገራል፤ የአንዱን ለሌላው አትግዙ። ደግሞ ጀትን በሽቦ የሚወጋ ሰው አታስጠጉ። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳዋ አንዴ ከሰፋች ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ሆነ።

ስፕሮኬት

ካቴና ላለው ሞተር ሳይክል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት።

ለምሳሌ የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ይሁን። የኋላው ጎማ አንዴ እንዲዞር የፊቱ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የፊቱን 13 ብታደርጉት 3.23 ይሆናል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት ወደ 8 ከመቶ ይጨምራል። የኋላውን 45 ብታደርጉትም 3.21፣ ማለትም ያው። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት እንደመጨመር ነው። አሰላ የወሰደችው 6 ከመቶ፣ በቆጂ የወሰደችው 9 ወይም 10 ከመቶ እንደነበር አስታውሱ። አንድ ጥርስ መሃላቸው ላይ ያርፋል።

ስፕሮኬትም ቢሆን ጉልበት አይፈጥርም፤ ማርሽ መሃል ያለውን ጉድጓድ ይሞላል። ዳገት ላይ የሚያናድደው ነገር ምን እንደሆነ አስቡ። በአራተኛ ይሰነፋል፣ ወደ ሦስተኛ ስትመልሱት ይጮሃል፤ መሃል ላይ ማረፊያ የለም። አራት ማርሽ ያላቸው ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ጉድጓድ ሰፊ ነው። አንድ ጥርስ ስትቀንሱ አራተኛው ዳገቱን የሚችል ማርሽ ይሆናል። አምስት ማርሽ ያለው ሞተር ሳይክል ያላችሁ ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ምናልባት ምንም አያስፈልጋችሁም፤ በአራተኛ ያለ ጭንቀት የምትወጡ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ዋጋው ሜዳ ላይ ይከፈላል። በ14 ጥርስ በ80 ስትሄዱ ሞተሩ የሚያሰማውን ድምፅ በ13 ጥርስ በ74 ላይ ያሰማችኋል። ወለንጪቲ ሜዳ ላይ ሰዓት ሙሉ ስትነዱ ይሰማችኋል፤ ጆሮም፣ ቤንዚንም። በሌላ በኩል ከኢተያ ወደ ዴራ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ የበለጠ ይይዛል፣ ፍሬን ይቆጥባል። ጤፍ ጭኖ ለሚወርድ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከፊት ይቀነስ ወይስ ከኋላ ይጨመር? የፊቱ ርካሽ ነው፣ ሽፋኑን ፈትቶ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ካልወደዳችሁት መመለስም ቀላል ነው። ነገር ግን ካቴናው በትንሽ ክብ ላይ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ቶሎ ያልቃል፤ በአንዳንድ ሞተር ሳይክል ደግሞ ወደ ኋላው ሹካ ተጠግቶ ላስቲኩን ይፍቃል። የኋላው ሲጨመር ካቴናው ይደላዋል፣ ግን ጎማ መውረድ አለበት፤ ሦስት ጥርስ ከሆነ ደግሞ ካቴናው ሊያጥር ይችላል። የእኔ ምክር፦ ለሙከራ ከፊት አንድ ቀንሱ። ሁለት ሦስት ወር ነድታችሁ ከወደዳችሁት፣ ካቴናው የሚያልቅበት ቀን ሲደርስ የፊቱን ወደ ፋብሪካው መልሳችሁ የኋላውን በሦስት ጨምሩ፤ ያን ጊዜ ካቴናውንም በልኩ ትገዛላችሁ። በ12 ጥርስ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ካቴናው እንደ ጀማሪ ጥርስ አውጪ ሕፃን ቀን ከሌት ያለቅሳል።

ያረጀ ካቴና ላይ አዲስ ስፕሮኬት አትጫኑ። ያረጀው አዲሱን በጥቂት ወር ይበላዋል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት አብዛኞቹ 428 የሚባለውን ካቴና ነው የሚጠቀሙት፤ ስትገዙ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብቡ።

ስኩተር፦ ሮለር

ስኩተር ካቴና የለውም፣ የሚቀየር ማርሽም የለውም። በቺንጋ ነው የሚሠራው፦ ከፊት አንድ የሚጠብና የሚሰፋ መዘውር፣ ከኋላ ሌላ። የፊተኛው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስድስት ትንንሽ ሮለሮች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ዳር ይበተናሉ፣ መዘውሩን ይገፋሉ፣ ቺንጋው ወደ "ትልቅ ማርሽ" ይወጣል። ዳገት ላይ የደከመው ሞተር ሮለሮቹ የሚጠይቁትን መሸከም ሲያቅተው ድምፁ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ከሚገኝበት ቦታ ይርቃል፣ ያዘግማል።

ይህን ነገር ከማንም በላይ ያጠኑት ሰዎች በበረዶ ላይ የሚነዱ ናቸው። ካናዳና ምዕራብ አሜሪካ ተራራ ላይ የሚነዱት ስኖውሞቢል ውስጡ የስኩተር ወንድም ነው፤ ያው ቺንጋ፣ ያው ሁለት መዘውር። ከፊት በሮለር ፋንታ እየተወዛወዙ የሚገፉ ክብደቶችና ሞላ፣ ከኋላ ሌላ ሞላና ቺንጋውን የሚጨብጥ ሰያፍ ቅርጽ አላቸው። አምራቾቹ ለየከፍታው የትኛው ክብደት እንደሚገባ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ከፍ ስትል ክብደቱን ቀንስ፣ ሞተሩ ጉልበቱ ወደሚገኝበት ዙር እንዲመለስ። ሲወርዱም መልሰው ያከብዱታል፤ ያለዚያ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይጮሃል። ሞላውንና ሰያፉን የሚነኩት ክብደቱን ካስተካከሉ በኋላ ነው። እኛ አገር በረዶ የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዳለ ይወሰዳል።

ወደ ስኩተራችን ስንመጣ፣ ሮለሩ እያንዳንዱ 12 ግራም ከሆነ ወደ 11 አውርዱት። ዙሩ 4 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ለምሳሌ ከ6,000 ወደ 6,260። ትንሽ ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን ይሰማል። ያ ከበዛባችሁ ሦስት ባለ 12 እና ሦስት ባለ 11 አንድ በአንድ እያፈራረቃችሁ አስገቡ። ከ11 በታች አትውረዱ፤ በጣም የቀለለ ሮለር መዘውሩን እስከ መጨረሻ መግፋት ያቅተዋል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ይቀራል፣ ቺንጋው ይግላል። መዘውሩን ስትከፍቱት ደግሞ አሮጌዎቹን ሮለሮች ዳሷቸው። አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ችግራችሁ ከፍታ አልነበረም፤ በዚያው ክብደት አዲስ አስገብታችሁ ሞክሩ። የኋላውን ጠንካራ ሞላ የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም። ቺንጋ ይበላል፤ በመጨረሻ ካልሆነ አትግዙት።

ባለ ኢንጀክሽን፣ ባጃጅ፣ ኤሌክትሪክ

በአጭሩ። ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል የአየሩን ግፊት ራሱ እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል፤ የጀት ክርክር ለእሱ የለም። የሄደውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም፣ ስለዚህ የስፕሮኬቱ ምክር ለእሱም ይሠራል። መተሐራም አሰላም የሚመላለስ ሰው አዲስ ሊገዛ ካሰበ ይህንን ይግዛ፤ ባለ ካርቡራተሩ ሲበላሽ መንገድ ዳር በአንድ ካቻቢቴ ይፈታል የሚለው ክርክር እውነት ነው፣ ግን ከፊልትሮና ከንጹሕ ቤንዚን ውጭ ኢንጀክሽን ብዙ አይጠይቅም።

ባጃጅ ላይ ካቴናና ስፕሮኬት የለም፤ ጉልበቱ ከካምቢዮው በቀጥታ ወደ ጎማ ነው የሚሄደው። የቀረው ካርቡራተሩን ንጹሕ መያዝና ዳገት ሳይጀመር ማርሽ መመለስ ነው። ጭነት መቀነስም፣ ግን ይህን ለባጃጅ ሹፌር መንገር ለነፋስ መንገር ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና አሰላ ላይም እንደ መተሐራ ይጎትታል። ለእሱ ጥያቄው ባትሪው ነው። መልካሳ ላይ ካለው የአዋሽ ወንዝ እስከ አሰላ ያለው አቀበት 880 ሜትር ገደማ ነው፤ 200 ኪሎ ያን ያህል ማንሳት ብቻውን ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል፣ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ስድስት አሥረኛ። ይህ ሜዳውን ለመሄድ በሚያስፈልገው ላይ የሚጨመር ነው። ባትሪያችሁ ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ከሆነ አሰላ ላይ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቤት ከመነሣታችሁ በፊት እወቁ።

ለማን የቱ?

ከተማ ውስጥ የሚያደርስ፣ አልፎ አልፎ ሞጆና ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው ምንም አይንካ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ግድም ናት፤ ልዩነቱ አንድ ብርዳም ጠዋት ከሚያመጣው አይበልጥም።

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጭኖ አሰላ የሚወጣ፦ ከፊት አንድ ጥርስ ይቀንስ፣ ጀቱን አይንካ።

ኑሮው ወይም ሥራው አሰላና በቆጂ ሆኖ ከኢተያ በታች የማይወርድ ሰው፣ ለምሳሌ ለግብርና ወይም ለጤና ሥራ እዚያ የተመደበ፣ ሁለቱንም ያድርግ፤ ጀቱን በአንድ ቁጥር፣ ስፕሮኬቱን በአንድ ጥርስ። አሮጌውን ጀት ግን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ ጋር ያስቀምጥ። አዳማ ለበዓል ሲወርድ ችግር የለውም፤ መተሐራ ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ግን ሳይነሣ ይመልሰው።

አዳማና መተሐራ መሃል የሚመላለሰው የተገላቢጦሽ ይጓጓል፦ ከፊት 15 አድርጎ ዝግ ባለ ሞተር ሜዳውን መንሳፈፍ። ፀጥ ባለ ቀን ያምራል። ነፋሱ ፊት ለፊት የመጣ ቀን ግን አራተኛው ከንቱ ይሆንና ሙሉውን መንገድ በሦስተኛ ትነዱታላችሁ። ሞክሬው መልሼ 14 አስገብቻለሁ።

ለውጡ እንደሠራ እንዴት ታውቃላችሁ?

አንድ በአንድ ቀይሩ። ጀትና ስፕሮኬት በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ከዴራ በኋላ ወደ ኢተያ ከሚወስደው አቀበት አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምረጡ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው በዛፍ ወይም በድልድይ የሚለይ። በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ፣ መነሻው ላይ 50 ይዛችሁ ግቡና ጋዙን ሙሉ ስጡ፤ መጨረሻው ላይ ስንት እንደምታነቡ ጻፉት። ሦስት ጊዜ ድገሙት። በጠዋት ይሁን፣ ነፋሱ ሳይነሣ።

ጀት የቀየራችሁ ከሆነ መጨረሻው ላይ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ዳር ቁሙ፤ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱ። ጥቀርሻ ከለበሰ አሁንም ወፍራም ነው፣ በእሱ መንዳት ትችላላችሁ። የቡና ወተት መልክ ካለው ትክክል ነው። ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ ካበቀለ ግን ወደ መተሐራ ቀርቶ ወደ አዳማም ሳትወርዱ አሮጌውን ጀት እዚያው መንገድ ዳር መልሱት።